ከችግር የተወለደ ቅርጽ በምቾት ዘመን

ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ የፊደል ቅርጽ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ አንድ ተማሪ ለወጣቶች የሙዚቃ ምሽት ማስታወቂያ የሚሆን ፖስተር ሠርቶ አቀረበ። መደቡ ጥቁር ሲሆን በላዩ ላይ የሰፈሩት የላቲን ፊደላት ደማቅ አረንጓዴ ነበሩ። ፊደላቱ ወፋፍራም፣ ወደ ቀኝ ዘመም ያሉ፣ ከጥቃቅን ካሬዎች የተገጣጠሙና ጠርዛቸው እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ነው። ያየው ሰው ሁሉ «የድሮ የኮምፒዩተር ጨዋታ!» ማለቱ አይቀርም። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ በፊደላቱ መካከል ያለው ክፍተት የተመጠነ፣ ቀለሙም የታሰበበት ነው። እኔ ግን አልተደሰትሁበትም።

«ይህን የሠራህበት መሣሪያ የፈለግኸውን ክብ፣ የፈለግኸውን ለስላሳ መስመር ሊሰጥህ ይችላል። ስለ ምን ደረጃ በደረጃ አደረግኸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የድሮ እንዲመስል ነው፣ መምህር» አለኝ።

«የማን ድሮ?»

መልስ አልሰጠኝም። እኔም ከሥራው ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ «ቅርጹ ሐሰት ነው» ብዬ ጻፍሁና ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁት። ክፍለ ጊዜው አልቆ ሌሎቹ ሲወጡ ተማሪው በሩ ላይ ቆም አለና፣ ድፍረት በሌለው ድምፅ፣ «መምህር፣ ታዲያ የአክሱም ሐውልት በር ይከፈታል እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

ይህ ጽሑፍ በዚያን ዕለት ልሰጠው ያልቻልሁት መልስ ነው።

ጥያቄው ከአንድ ፖስተር የሰፋ መሆኑን አንባቢ ይረዳል። አንድ ቅርጽ ከተጨባጭ ችግር ተወልዶ ከሆነ፣ ችግሩ ከተወገደ በኋላ ያንኑ ቅርጽ ሆን ብሎ መሥራት ታማኝነት ነው ወይስ ማስመሰል? እኛ የሥነ ጥበብ መምህራን የቅርጽንና የይዘትን ግንኙነት ስናስተምር ለዓመታት የምንደግመው አንድ አባባል አለ። ቅርጽ ከይዘቱ፣ ከመሣሪያውና ከተሠራበት ነገር ጠባይ መፍለቅ አለበት እንላለን። እንጨት እንጨትን፣ ድንጋይም ድንጋይን ይምሰል እንላለን። በዚህ መለኪያ ሲታይ የተማሪዬ ፊደል ጠግቦ ሳለ የረኃብተኛ ልብስ ለብሶ አደባባይ እንደ ወጣ ሰው ነው። የቀዩ ፍርድ መሠረትም ይኸው ነበር። ፍርዱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ግን አስቀድሞ ችግሩ ምን እንደ ነበረ መመርመር ያሻል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የኮምፒዩተር ስክሪን ምስልን የሚሠራው በረድፍና በዓምድ በተደረደሩ ነጥቦች ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነጥብ ፒክስል ይባላል። በ1970ዎቹ ውስጥ በነበሩት ብዙ መሣሪያዎች ላይ ለአንድ ፊደል የሚፈቀድለት ቦታ ስምንት በስምንት የሆነ ሠንጠረዥ ነበር፤ በጠቅላላው 64 ነጥብ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል፤ መሐል ቤት የለም። ከነዚህ ውስጥ ደግሞ ፊደላት እርስ በርሳቸው እንዳይነካኩ አንድ ረድፍና አንድ ዓምድ ባዶ ከተተወ፣ ለቅርጽ ሠሪው የሚቀረው ሰባት በሰባት ብቻ ነው። ጥበቱ የመጣው ከሠሪው ምርጫ ሳይሆን ከዋጋ ነው። ፊደላቱ የሚቀመጡበት የማሽኑ ሜሞሪ ውድ ስለ ነበረ እያንዳንዱ ነጥብ በገንዘብ ይመነዘር ነበር። አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1976 በመጫወቻ ማሽኖቹ ላይ ያወጣው የስምንት በስምንት ፊደል ወደ ጃፓን ኩባንያዎች ተሻግሮ፣ እየተቀዳና እየተሻሻለ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ውበቱ ብቻ አስገድዶ አይደለም። በዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ በደንብ የሚነበብ ፊደል ማግኘት ከባድ ስለ ሆነ የተገኘውን መተው አላዋጣም።

በጥር ወር 1984 አፕል ኩባንያ ማኪንቶሽ የተባለውን ኮምፒዩተር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ስክሪኑ በአግድም 512፣ በቁም 342 ነጥቦች ነበሩት፤ ቀለሙም ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ለዚህ ስክሪን ፊደላትንና ምልክቶችን የነደፈችው ሱዛን ኬር በሥነ ጥበብ የሠለጠነች እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያ አልነበረችም። ምልክቶቹን የጀመረቻቸው በግራፍ ወረቀት ላይ ካሬዎቹን አንድ በአንድ እየሞላች ነው። «ቺካጎ» የተባለውን የፊደል ቅርጿን ያጤነ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። መስመሮቹ በአብዛኛው ወይ ቁም፣ ወይ አግድም፣ ወይ በ45 ዲግሪ የተሰመሩ ናቸው። በካሬ ሠንጠረዥ ላይ ዓይንን የማይቆረቁር መስመር የሚገኘው በነዚህ አቅጣጫዎች ነውና። ቁም መስመሮቹ ሁለት ነጥብ ያህል የወፈሩትም በከንቱ አይደለም። ለጊዜው የማይሠራ ትእዛዝ ደብዝዞ እንዲታይ ከየሁለቱ ነጥብ አንዱ ሲጠፋ፣ ቃሉ እንደ ምንም ይነበባል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብለን ልብ እንበል። በችግሩ ዘመን የነበረችው ባለሙያ ደረጃውን ትሸሸው ነበር። የዛሬው ወጣት ግን ያንን የተሸሸውን ጉድለት አሳድዶ ይይዘውና የፊደሉ መልክ ያደርገዋል። የኬርን ፊደል የሚያደንቅ ይመስለዋል፤ የሚቀዳው ግን እርሷ ልታስቀረው የደከመችበትን ነው።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ የያዘችም ነበረች። ብራቲስላቫ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የሄደችው ዙዛና ሊችኮ በ1985 በማኪንቶሽ ላይ የሠራቻቸው «ኤምፐረር»፣ «ኦክላንድ» እና ሌሎችም የፊደል ቅርጾች ደረጃውን አይሸሽጉም። የኤምፐረር ልዩ ልዩ መጠኖች ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ አምስትና አሥራ ዘጠኝ ተብለው ይጠራሉ፤ ቁጥሩ የዋናው ፊደል ቁመት ስንት ነጥብ እንደ ሆነ ይናገራል። ቅርጹ የተወለደበትን ጥበት በስሙ ላይ ተሸክሞ ይዞራል ማለት ነው። በ2011 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም 23 ዲጂታል የፊደል ቅርጾችን በስብስቡ ውስጥ ሲያስገባ ኦክላንድ አንዱ ነበር። ሊችኮ ያደረገችው ያለውን መቀበል ነው፤ ያልነበረውን አላስመሰለችም። ስለዚህ እርሷም ብትሆን ለተማሪዬ ምስክር ልትሆነው አትችልም። እርሱ የሚኖረው መቀበል የሚገባው ጥበት በሌለበት ዘመን ነው።

የፖስተሩ ፊደል ደግሞ ካሬ ብቻ አልነበረም፤ ወፍራምና ዘማማም ነው። የዚህ የውፍረትና የዝንባሌ ነገር ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በዚያ በመጀመሪያው ማኪንቶሽ ላይ ጸሐፊው ፊደሉ እንዲወፍር ቢያዝ፣ መሣሪያው በባለሙያ የተሠራ ሌላ ወፍራም ፊደል ከመጋዘን አያወጣም። ያንኑ ፊደል አንድ ነጥብ ወደ ቀኝ ገፋ አድርጎ በራሱ ላይ ደግሞ ይስለዋል። እንዲዘም ቢታዘዝ ደግሞ የፊደሉን ረድፎች እንደ ተደረደረ ጡብ እያንሸራተተ፣ በየሁለት ረድፉ አንድ ነጥብ ወደ ቀኝ ይገፋል። ቀጥ ብሎ የቆመው መስመር በዚህ ጊዜ መሰላል ይሆናል። ተማሪዬ በውበትነቱ የወደደው ያ ስንጥቅጥቅ ጠርዝ፣ መሠረቱ መሣሪያው ሥራውን በአቋራጭ ለመጨረስ የፈጠረው ዘዴ ነው።

ዝንባሌ ግን ከማሽን በፊት የሰው ነበር። በላቲን ማተሚያ ታሪክ ውስጥ በዘማማ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው በ1501 ቬኒስ ላይ ነው። አታሚው አልዱስ ማኑቲዩስ፣ ፊደሉን የቀረጸለት ፍራንቸስኮ ግሪፎ፣ ሥራውም የቨርጂል ግጥሞች ነበሩ። ግሪፎ አርአያ ያደረገው የዘመኑን ምሁራን የችኮላ እጅ ጽሑፍ ነበር። እጅ ሲቸኩል ያዘነብላልና፤ ዝንባሌ የክንድና የአንጓ ትዝታ ነው። (በብራና መጻሕፍታችን ላይ በብዛት የምናየው የኛ ፊደል ግን እንደ ቆመ ካህን ቀጥ ያለ ነው፤ ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ።) ስለዚህ ያ አረንጓዴ ፊደል የሁለት ጌታ ሎሌ ነው። በካሬው የማሽንን ድህነት ይቀዳል፤ በዝንባሌው ማሽኑ የሌለውን እጅ ይቀዳል። ይህን ሳስብ፣ መሳቄን አልደብቅም፣ ቁጣዬ ትንሽ በረደ። ዕጥፍ የሆነ ማስመሰል ቢያንስ ሕይወት አለው።

አንድ ክስ ግን ይቀራል። እርሱም የትዝታው ስሕተት ነው። በነዚያ ዓመታት በመስታወት ስክሪን ላይ የታየው ነጥብ ዳሩ የተሳለ ካሬ አልነበረም። የኤሌክትሮን ጨረር የመስታወቱን ውስጠኛ ቅብ ሲመታ የሚፈጠረው ብርሃን ጠርዙ ላይ ይደበዝዛል፤ ከጎረቤቱም ጋር ይቀላቀላል። ሥራውን የሚያውቅ ሠዓሊ ይህን መደብዘዝ እንደ አንድ ቀለም ቆጥሮ ይጠቀምበት ነበር፤ ሁለት ነጥቦችን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ዓይን ክብ አድርጎ እንዲያያቸው ይተዋቸዋል። ዛሬ በፖስተር ላይ የምናየው ስል ካሬ በዚያን ጊዜ የነበረው በግራፍ ወረቀቱ ላይ ነው፤ ሕዝቡ አላየውም። ስለዚህ «የድሮ ይመስላል» የተባለው ፊደል ድሮን አይመስልም፤ የሚመስለው ዛሬ ስለ ድሮ የሚታሰበውን ነው።

ይህን ሁሉ በልቤ አከማችቼ ተማሪው እንደ ተሸነፈ ስቆጥር፣ የአክሱም ሐውልት በር ከፊቴ ተደቀነ።

በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 የተመለሰውና በ2008 በቦታው ዳግም የቆመው የአክሱም ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ነው። ከግርጌው በር ተቀርጾበታል። ከበሩ በላይ መስኮት በመስኮት ላይ እየተደራረበ እንደ ፎቅ ቤት ይወጣል። በየፎቁ መካከል ክብ ክብ የግንድ ጫፎች ተደርድረው ይታያሉ። በእንጨትና በድንጋይ በሚሠራ የአክሱም ቤት ውስጥ ግንዱ ግድግዳውን ሰቅዞ የሚይዝ ስለ ሆነ ጫፉ ወጣ ብሎ መታየቱ የግድ ነው። የዚህን ዓይነት አሠራር በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ላይ እስከ ዛሬ ማየት ይቻላል። በሐውልቱ ላይ ግን ግንድ የሚባል የለም፤ የሚያዝ ግድግዳም የለም። ሐውልቱ አንድ ወጥ ድንጋይ ነው። በላሊበላም ከአለት የተፈለፈለው ቤተ አማኑኤል ግድግዳው ወጣ ገባ እያለ፣ እንጨትና ድንጋይ በየተራ ተነባብሮ የተሠራ ይመስላል። አለቱን የፈለፈለው ባለሙያ አንድም እንጨት አላስቀመጠበትም። እኛ ደግሞ በነዚህ ሥራዎች ፊት ቆመን «ሐሰት ነው» ብለን በቀይ አንጽፍም። ልጆቻችንን እየወሰድን እናሳያለን እንጂ።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

በመጀመሪያ የመጣልኝ መልስ ድካም ነበር። ጠራቢው ድንጋዩን ልሙጥ አድርጎ ቢተወው ይቀለው ነበር፤ የግንዱን ጫፍ ለማውጣት በዙሪያው ያለውን ሁሉ ዝቅ አድርጎ መጥረብ ነበረበት። አሮጌው ግዴታ በአዲስ ድካም ተከፍሎበታል። የተማሪዬ ፊደል ግን ከተዘጋጀ ስብስብ ውስጥ በአንድ ጣት ተመርጦ የመጣ ነው። ይህ መልስ ለጥቂት ቀናት አረካኝ። ነገር ግን አልቆመም። ሐሰተኛ ገንዘብ የሚያትም ሰው ከማንም የበለጠ ይደክማል፤ ድካሙ እውነተኛ አያደርገውም።

ሁለተኛው መልስ የተታለለ ሰው መኖር አለመኖር ነው። የሐውልቱን በር ሊከፍት የገፋው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሐውልቱ የመቃብር ምልክት ነው፤ ለሞተ ሰው የቆመ ቤት ነው። በሩ የማይከፈት መሆኑ የነገሩ ፍሬ ነው እንጂ እንከኑ አይደለም። በአንጻሩ ሌላ ምሳሌ እንመልከት። ካሬና ደረጃ ለኛ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሸማኔ ያውቀዋል። ድርና ማግ በቀጥታ ስለሚቋረጡ በጥለት ላይ ዘማማ መስመር የሚፈልግ ሸማኔ ክር እየቆጠረ በደረጃ መሄድ አለበት፤ ሌላ መንገድ የለውም። ሽሮ ሜዳ ሄዶ የቀሚስ ጥበብን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ያንን ደረጃ ያገኘዋል። ዛሬ ግን ያው ጥለት በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ ይሸጣል። ደረጃው እንዳለ አለ፤ ያስገደደው ክር ግን የለም። ገዢዋ የእጅ ሥራ መስሏት ከገዛችው፣ ሻጩ የሸማኔውን ድካም ያለ ሸማኔው ሸጧል፤ ሸማኔውም ገበያውን ተነጥቋል። ይህ ሐሰት መሆኑን ለመናገር ፍልስፍና አያስፈልግም። ሻጩ «ይህ ሕትመት ነው» ብሎ በግልጽ ቢሸጥስ? ያን ጊዜ ገዢዋ አልተታለለችም፤ ሸማኔው ግን ያው ገበያ አጥቷል። ስለዚህኛው ጥርት ያለ ፍርድ የለኝም፤ አለኝ ብልም አስመሳዩ እኔ እሆናለሁ።

ፖስተሩ ግን ማንን አታለለ? የሙዚቃውን ምሽት ሊያይ የሚመጣ ወጣት ማስታወቂያው በ1984 የተሠራ መስሎት አይመጣም። የማንም ገበያ አልተነጠቀም። በላቲን ፊደል ሠሪዎች ዘንድ የዚህ ዓይነት ነገር ሞልቷል። ማቲው ካርተር በ1978 ለአሜሪካ የስልክ ማውጫ «ቤል ሴንቴኒያል» የተባለውን ፊደል ሲሠራ፣ በርካሽ ወረቀት ላይ ቀለም እየሰፋ ማዕዘኖቹን እንዳይደፍን በመጋጠሚያዎቹ ላይ ሆን ብሎ ጎደሎ ተወላቸው። ዛሬ ያ ጎደሎ ቀለም በማይሰፋበት ቦታ ሁሉ፣ በትልልቅ ርእሶች ላይ ሳይቀር፣ ለጌጥ ይሠራበታል። ማንም አልተከሰሰም፤ መከሰስም የሚገባው አይመስለኝም።

እንግዲህ ተማሪው ረትቶኛል ማለት ነው። ነገር ግን ከተረታሁም በኋላ ቁጣዬ ሙሉ በሙሉ አልወጣልኝም። «የማን ድሮ?» ያልሁት ከየት የመጣ እንደ ሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አባቴ የጡረታ አበል ይቀበልበት የነበረ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። የተቀባዮችን ስም ዝርዝር በመርፌ ነጥብ እየመታ በሚጽፍ ማተሚያ ያወጣ ጀመር። እነዚያን ማተሚያዎች የሚያስታውሱ አንባቢዎች ጩኸታቸውንም ያስታውሳሉ። ትንንሽ መርፌዎች የቀለም ጥብጣቡን እየወጉ ፊደሉን ነጥብ በነጥብ ወረቀቱ ላይ ያሳርፉታል። የአባቴ ስም የመጨረሻ ፊደል «ኔ» ናት። ይህች ፊደል ከ«ኒ» የምትለየው ከእግሯ ሥር ባለችው ቀለበት ብቻ ነው። በዚያ ማተሚያ ላይ ግን ቀለበቷ ተደፍና እንደ አጭር ሰረዝ ሆና ወጣች። በመታወቂያው ላይ «ኔ»፣ በዝርዝሩ ላይ «ኒ» ሆነ። ገንዘብ ከፋዩ በመስኮቱ በኩል ሁለቱን አስተያየና «ይህ ሌላ ሰው ነው» አለ። አባቴ ለሦስት ወራት ማስረጃና ምስክር እያመጣ ተመላለሰ። ታጋሽ ሰው ነበርና አልተናደደም። የተሰጠውን ወረቀት ወደ መስኮት ብርሃን አንሥቶ ቀዳዳዋን ሲፈልግ ግን አይቼዋለሁ። አንዳንድ ቀን «እነሆ፣ ትታያለች» ይለኝ ነበር። አትታይም ነበር።

ለላቲን ፊደል ያ ዘመን የልጅነት ዘመን ነው። 26ቱ ዋና ፊደላት በስምንት በስምንት ሠንጠረዥ ሲቀመጡ የሚይዙት 208 ባይት ብቻ ነው። የኛ ፊደል 33ቱ በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ቤትን ከቤት የሚለዩት ቅጥያዎች እጅግ ትንንሽ ስለ ሆኑ በስምንት በስምንት ውስጥ አይተነፍሱም። አሥራ ስድስት በአሥራ ስድስት ቢሰጣቸው 7,392 ባይት ይፈልጋሉ። ሜሞሪ በሳንቲም በሚቆጠርበት ጊዜ ይህ ቁጥር ፊደላችንን በር ላይ ያስቆመ ቁጥር ነበር። በዚያ ላይ የላቲኑ የኮምፒዩተር ፊደል ሠንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው። ከዚህ የተነሣ የኛ ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መላ መፍጠር ግድ ሆነባቸው። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን ይዞ በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው።

ተማሪዬ የተወለደው ከዚያ ወዲህ ነው። ፊደሉ በስልኩ ላይ ሲጠፋበት አላየም። የናፈቀው ድሮ የካሊፎርኒያና የቶኪዮ ልጆች ድሮ ነው። መናፈቁ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሰው ያልኖረበትን ዘመን በመጽሐፍም፣ በዘፈንም ይናፍቃል። እኔም በቦታው ሳልኖር የአክሱምን እናፍቃለሁ። ነገር ግን የአክሱም ጠራቢ ግንዱ ምን ይሸከም እንደ ነበረ ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጫፉ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ በስንት ርቀት እንደሚደረደር አልተሳሳተም። ተማሪዬ የወሰደው ካሬ ግን ምን ተሸክሞ እንደ ነበረ አልተነገረውም። ያልነገርሁት ደግሞ እኔ መምህሩ ነኝ። «ሐሰት» ብዬ የጻፍሁት ቃል ለእርሱ ሥራ የሚገባ አልነበረም።

ጠራሁትና ይህን ሁሉ፣ የአባቴንም ነገር ጭምር፣ ነገርሁት። ነጥቡን አስተካከልሁለት፤ ቀዩ ቃል ግን አልለቀቀም። ከዚያም ያንኑ ፖስተር፣ በዚያው ወፍራምና ዘማማ የካሬ ቅርጽ፣ በኛ ፊደል እንዲሠራው ጠየቅሁት። የተዘጋጀ ፊደል ከየትም እንዳያመጣ፣ በግራፍ ወረቀት ላይ እንዲጀምር፣ ውፍረቱንና ዝንባሌውንም በዚያ በአሮጌው ማሽን ሕግ፣ አንድ ነጥብ ወደ ቀኝ በመድገምና በየሁለት ረድፉ አንድ ነጥብ በመግፋት እንዲያወጣው ነገርሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቶች ታቅፎ መጣ። መጀመሪያ የሠራው ፊደል «ኔ» ነበር። ቀለበቷን ሦስት በሦስት ካሬ አድርጎ፣ በመካከል አንዲት ካሬ ባዶ ትቶላታል። ሲያወፍራት፣ የግራው ጎን አንድ ነጥብ ወደ ቀኝ ተደግሞ፣ ያቺኑ አንዲት ባዶ ሞላት።

«ጠፋች፣ መምህር» አለኝ። ከዚያ በፊት በሥራው ላይ እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገር አልሰማሁትም።

ሁለተኛውን ወረቀት አወጣ። ቀለበቷ አሁን በአግድም አራት ካሬ ሆናለች፤ ባዶዋም ሁለት። ሲያወፍራት አንዷ ባዶ ተሞልታ አንዷ ተርፋለች። ፊደሏ ግን በዚህ ምክንያት ሰፍታ ከቀጥሏ ካለችው ጋር ተጋጨች፤ ስለዚህ የቃሉን ክፍተት ሁሉ እንደ ገና መመጠን ነበረበት። «ሌ»ን፣ «ሜ»ን፣ «ኬ»ንም አብሮ ማስፋት ይገባው እንደ ሆነ፣ ወይስ በችግር የሰፋችው «ኔ» ብቻዋን ትለይ እንደ ሆነ አልወሰነም። ዝንባሌውም አስቸግሮታል። ቀጥ ብሎ መቆም የለመደው ፊደላችን በየሁለት ረድፉ ሲገፋ፣ አንዳንዱ የሚሮጥ ሳይሆን የሚወድቅ ይመስላል። «ሐ» በተለይ ሦስት እግሯ ሲንሸራተት ሰክራለች ብለን ሁለታችንም ሳቅን። ስለዚህ «ዝንባሌውን ልተወው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዲሞክረው ነገርሁት።

ከዚያ በፊት ግን ሁለተኛውን ወረቀት ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣሁት።